ሰማዩ ሲጠራ መንገዱ አይደርቅም፦ የዝናብ ማብቂያ ወቅት ጉዞና የድንኳን አዳር በባሌ ተራሮች

መግቢያ

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን ለመስክ ሥራ የሚወጡበት ጊዜ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲረግፍ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ መኪና ይመደባል፤ ድንኳንና የመለኪያ መሣሪያ ይጫናል። ይህ ልማድ ለመካከለኛውና ለሰሜኑ ደጋ የሚስማማ ነው። በዚያ አካባቢ መስከረም ከጠባ በኋላ ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል፤ መሬቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። በዚሁ ልማድ ተመርቶ ወደ ባሌ ተራሮች የሚወጣ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል፦ ሰማዩ ጠርቷል፤ ፀሐይ ወጥታለች፤ መንገዱ ግን ጎማ የሚውጥ ጭቃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በከፍተኛ ተራራ ላይ የሰማይ ወቅትና የመሬት ወቅት በአንድ ቀን አይለወጡም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ መሬቱ ለሳምንታት ርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ የሰማዩ መጥራት ደግሞ በበኩሉ ሌላ ችግር፣ ማለትም የሌሊት ውርጭን፣ ያመጣል። እጅግ አስቸጋሪው ጊዜ ዝናብ የሚበዛበት ወይም ብርድ የሚጠነክርበት ወር ሳይሆን ርጥበቱና ውርጩ የሚገናኙባቸው ሳምንታት ናቸው። ጽሑፉ ይህ የሚሆንበትን ምክንያት፣ በመንገድ፣ በእንስሳትና በዕፅዋት መኖሪያ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት፣ በድንኳን የሚያድር ሰው ሊያውቀው የሚገባውንም የሕይወት አደጋ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ስፍራውና መንገዱ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፍታው በደቡብ በኩል ካለው የሐረና ደን ግርጌ 1,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በመካከሉ የሚገኘው የሳነቲ አምባ አብዛኛው ክፍል በ4,000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የተዘረጋ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው።

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ይህን አምባ ሰንጥቆ ያልፋል። በአፍሪካ እጅግ ከፍ ባለ ስፍራ ከተሠሩ መንገዶች አንዱ ነው። ተጓዡ በአንድ ቀን ውስጥ ከገብስ ማሳ ተነሥቶ የአስታ ቁጥቋጦን አልፎ ጅብራ ብቻውን ቆሞ ወደሚታይበት ሜዳ ይወጣል፤ ከዚያም በጥምዝምዙ ቁልቁለት ወደ ሪራ መንደር፣ ቀጥሎም የጫካ ቡና ወደሚበቅልበት ጥቅጥቅ ደን ይወርዳል። መንገዱ የጎብኚ መንገድ ብቻ አይደለም። የደቡቡ ቆላ ሕዝብ ገበያ የሚወጣበት፣ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል የሚወሰድበት፣ ቡና የሚጫንበት የዕለት ተዕለት መተላለፊያ ነው። ስለዚህ በሌሎች አገሮች በሚገኙ ተራራማ ደኖች እንደሚደረገው በአስቸጋሪው ወቅት በር ዘግቶ ቁልፍ መያዝ አይቻልም። መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ የሚለወጠው የተጓዡ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሁለት ዐይነት የዝናብ ማብቂያ

በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ክፍል፣ በዲንሾና በጎባ አካባቢ፣ የዝናቡ ወቅት ረዥም ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ደረቅ የሚባለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት አራት ወራት ናቸው። በደቡቡ ቁልቁለት፣ በሐረናና በዶሎ መና በኩል፣ ሥርዓቱ የተለየ ነው። በዚያ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንደኛው በበልግ፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። ሁለተኛው ዝናብ በአብዛኛው ርጥበቱን የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ ከሚነሣው አየር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ለመስክ ዕቅድ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። በጥቅምት መጨረሻ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ቡድን በሮቤ ሜዳ ላይ የደረሰ ስንዴ ያያል፤ በጎባ ጥርት ያለ ሰማይ ይቀበለዋል፤ አምባውን ተሻግሮ ወደ ሪራ ሲወርድ ግን ዝናብ ውስጥ ይገባል። የአንዱ ተራራ ሁለት ጎኖች በተለያየ ወቅት ላይ ናቸው። የጎባን ሰማይ አይቶ ስለ ሐረና መንገድ መፍረድ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በተጨማሪም ደኑ የራሱን ርጥበት ይሠራል። ከታች የሚወጣው ሞቃት አየር ገደሉን ታክኮ ሲነሣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙ በቅርንጫፍና ዛፎቹን በሸፈነው ሽበት ላይ እየተጠራቀመ ይንጠባጠባል። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን እንኳ መንገዱ ከላይ ይርሳል፤ የዛፎቹ ጥላም ፀሐይ እንዳያደርቀው ይከለክላል። ስለዚህ በደኑ ውስጥ ያለው ሸክላማ የመንገድ ክፍል ከተከፈተው ሜዳ በእጅጉ ዘግይቶ ይደርቃል።

ውርጭ በመንገድ ላይ የሚሠራው ሥራ

በሐሩር ክልል ከፍተኛ ተራሮች ላይ ትልቁ የሙቀት ልዩነት በበጋና በክረምት መካከል ሳይሆን በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ነው። ጀርመናዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ካርል ትሮል ይህን ዐይነቱን የአየር ንብረት ከሌላው ለይቶ አጥንቶታል። በሳነቲ በደረቁ ወቅት ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረዱ ተመዝግቧል፤ በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ግን ፀሐዩ ፊት ይለበልባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 ከመቶ ገደማ ነው። አየሩ ስስና ደረቅ በመሆኑ መሬቱ ቀን የተቀበለውን ሙቀት በሌሊት ይዞ ማቆየት አይችልም። ደመና ሲኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ያግዳል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን መሬቱ እርቃኑን ይቀራል። ስለዚህ ተጓዡን የሚያስደስተው ከዋክብት የሞሉበት ሌሊት የውርጭ ሌሊት ነው።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መሬቱ የስምንት ወር ዝናብ ጠጥቷል። የሳነቲ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ፣ ብስባሽ የበዛበት ጥቁር አፈር በመሆኑ ውኃ ይይዛል። ሌሊት የላይኛው ገጽ ሲቀዘቅዝ ከሥር ያለው ውኃ በአፈሩ ቀዳዳዎች ወደ ላይ እየተሳበ በቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች መልክ ይረጋል። መርፌዎቹ ሲያድጉ አፈሩንና ትናንሽ ጠጠሮችን ከፍ ያደርጓቸዋል። ጧት ፀሐይ ስትመታቸው ይቀልጣሉ፤ የተነሣው አፈርም ተመልሶ አይጠብቅም። ልፍስፍስ ብሎ ውኃ የተሞላ ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። ይህ በየሌሊቱ ይደጋገማል።

በጥርና በየካቲት ሌሊቱ የባሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ነገር ግን አፈሩ ስለ ደረቀ ወደ መርፌነት የሚለወጥ ውኃ አያገኝም። በሐምሌ ደግሞ ውኃው ሞልቷል፤ ደመናው ግን ውርጩን ያግዳል። ሁለቱም የሚሟሉት በዝናቡ ማብቂያ ነው።

ለአሽከርካሪ የሚከተለው ምክር ከዚህ ይወጣል። ማለዳ ላይ መንገዱ የጠነከረ ይመስላል፤ ነገር ግን በጥላ ውስጥ ያሉ መታጠፊያዎች በስስ በረዶ ተሸፍነው ያንሸራትታሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በሰሜን ፊት ያለው የጎባ በኩል ዳገት ከሌላው ዘግይቶ ይሞቃል። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር ያለው ጊዜ ደግሞ በረዶው የሚቀልጥበት በመሆኑ ጭቃው እጅግ የሚላላበት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱና ፀሐዩ ገጹን በመጠኑ ያደርቁታል፤ ሆኖም ከሰዓት በኋላ ደመና ሊከማች ስለሚችል ተጓዡ ሳይመሽ ከአምባው መውረድ አለበት። ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ ሲሶ ያህሉን ስለሚያጣ፣ በሜዳ በቀላሉ የሚወጣውን ጭቃ በሳነቲ ላይወጣው ይችላል።

አንድ መኪና ከመንገድ ሲወጣ

ጭቃ የገጠመው አሽከርካሪ በልማድ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ በጎን ያለውን ሣር ተማምኖ ከመንገዱ ይወጣል። ሣሩ ለጊዜው ይሸከመዋል። የሚቀጥለው መኪና የመጀመሪያውን ዱካ ይከተላል፤ ዱካው ሲጨቀይ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ሌላ ያወጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዱ መንገድ እንደ ተበተነ ገመድ አምስትና ስድስት ይሆናል።

ጉዳቱ በእይታ ብቻ የሚቀር አይደለም። በዚህ ከፍታ ዕፅዋት እጅግ አዝግመው ያድጋሉ፤ ጎማ የገለጠውን መሬት መልሰው ለመሸፈን ረዥም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የተገለጠው አፈር ደግሞ ለበረዶ መርፌዎች የተዘጋጀ ነው፤ በየሌሊቱ ይነሣል፤ በየቀኑ ይላላል፤ በሚቀጥለው በልግ ጎርፍ ይወስደዋል። የጎማ ቦይ የውኃ ቦይ ይሆናል፤ የውኃ ቦይም ቦረቦር ይሆናል። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች፣ ዌብ፣ ዋቤ ሸበሌና ገናሌን የሚገብሩት ሁሉ፣ እስከ ሶማሌ ቆላማ ምድር ድረስ ብዙ ሕዝብ ስለሚያጠጡ ከላይ የሚጀምረው ደለል ከታች ያለ ሰው ጉዳይ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈልና ሌሎች የአይጥ ዘሮች ናቸው። ፍልፈሉ ጉድጓዱን የሚምሰው ጥልቅና ርጥብ አፈር ባለበት ሜዳ፣ ማለትም ጭቃ የሸሸ መኪና በሚያልፍበት ስፍራ ነው። አንድ ጊዜ የተደረመሰ ጉድጓድ ጥቂት ነገር ቢመስልም በየዓመቱ የሚሰፋ የዱካ መረብ የቀበሮውን ማዕድ ያጠብበዋል። ስለ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ልናጠና ወጥተን የቀበሮውን መሬት በጎማ ማረስ ለሕሊና የሚከብድ ነው። ስለዚህ መርሑ አጭር ነው፦ መንገዱ ካላሳለፈ መኪናውን አቁሞ መጠበቅ ወይም በፈረስና በእግር መቀጠል፤ ከመንገድ መውጣት ግን አማራጭ አይደለም።

ድንኳን የት ይተከላል?

የመስክ ቡድን በአብዛኛው ድንኳኑን የሚተክለው ውኃ ባለበትና ነፋስ በማይበዛበት ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ይህ ምርጫ ቀን ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ሌሊት ግን ይከዳል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በሸለቆ ወለል ላይም ይጠራቀማል። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ጥቂት ሜትሮች ከፍ ያለ፣ ውኃ የማይተኛበት፣ ድንጋያማ ተዳፋት ከሸለቆው ወለል የሞቀና የደረቀ አዳር ይሰጣል። ጧት ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበትን ፊት መምረጥም ይጠቅማል።

ከብርዱ የሚበልጠው ከታች ያለው ነው። ርጥብ መሬት ከሰውነት ሙቀትን ፈጥኖ ይስባል፤ ስለዚህ ከተኛው ሰው በላይ ከሚደረበው ብርድ ልብስ ይልቅ ከሥሩ የሚነጠፈው ወፍራም ፍራሽ ይቀድማል። እርጥብ ልብስ ለብሶ መተኛት አደገኛ ነው፤ ቀን በጭቃ መኪና ሲገፋ ላብ ያጠለቀው ሰው ከመምሸቱ በፊት መለወጥ አለበት።

ከፍታው ራሱ የሚጠይቀው ትዕግሥትም አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በማግስቱ ሳነቲ ላይ ማደር ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ ይዳርጋል። በመጀመሪያ በጎባ ወይም በሮቤ፣ ቀጥሎም 3,000 ሜትርን ጥቂት በሚያልፈው በዲንሾ ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። ቀን ከፍ ባለ ቦታ ሠርቶ ሌሊት ዝቅ ብሎ ማደር የተመሰከረለት ዘዴ ነው። ራስ ምታቱ የጸናበት፣ እርምጃው የተንገዳገደ ወይም ንግግሩ የተዘባረቀ ሰው እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ታች መውረድ አለበት።

የከሰል ነገር

በዚህ ወቅት ከሁሉ የሚያሠጋው አደጋ ከመኪናም ከውርጭም የሚመጣ አይደለም። የብርዱ ብዛት ሰዎችን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን እንዲያስገቡ ይገፋፋቸዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ የመስክ ሥራው ይህንኑ አይቷል። ሁለት የሥራ ባልደረቦች ቡና የፈላበትን ፍም አስገብተው የድንኳኑን ዚፕ ዘጉ። ሌሊት አንደኛው ራሱን እንዳመመውና እንደሚያጥወለውለው ሲናገር ሁላችንም “የከፍታ ሕመም ነው፤ ይተኛ” አልን። ያዳነው የእኛ ዕውቀት ሳይሆን የአካባቢው መንገድ መሪያችን ነበር። እሱ ድንኳኑን ከፍቶ ሁለቱንም ወደ ውጭ አወጣቸው፤ ፍሙንም በአፈር ዳፈነው።

ስሕተታችን ሳይንሳዊ ማብራሪያ አለው። ከሰል በዝግ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። በ4,000 ሜትር ሰውነት አስቀድሞም ኦክሲጅን አጥሮታል። ከሁሉ የከፋው ግን ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ መሆናቸው ነው። እነዚህ የከፍታ ሕመም ምልክቶችም ናቸው። ስለዚህ በከተማ ጥርጣሬ የሚያስነሣው ምልክት በተራራ ላይ ሌላ ስም ይሰጠውና ሰውየው እንዲተኛ ይደረጋል። በእርጥብ ወቅት ደግሞ ድንኳን ውኃ እንዳያስገባ ጥብቅ ተደርጎ ስለሚዘጋ አደጋው ይጨምራል። ፍም ነበልባል ስለሌለው ሰላማዊ ይመስላል፤ እሱ ግን ዋነኛው የጋዙ ምንጭ ነው። የፈላ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ማቀፍ ያንኑ ሙቀት ያለ ሞት ሥጋት ይሰጣል።

የማገዶ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አስታ ሲቆረጥ በቀላሉ የሚተካ አይደለም፤ በደረቁ ወቅት መጨረሻ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ደግሞ ፈጥኖ ይቀጣጠላል። በ1992 ዓ.ም. በባሌ ደኖች የደረሰው ታላቅ የእሳት አደጋ የሚታወስ ነው። ስለዚህ ምግብ በጋዝ ምድጃ፣ ከድንኳን ውጭ ማብሰል ለሰውም ለተራራውም ይበጃል።

ከጥንት ሰፋሪዎች የሚገኝ ትምህርት

በእነዚህ ተራሮች ማደር አዲስ ነገር አይደለም። በጎትዝ ኦሰንዶርፍ የተመራ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ፊንጫ ሐበራ በተባለው የድንጋይ ጥግ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይሰፍሩ እንደ ነበር አሳይቷል። ስፍራው 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ጥናቱ በወጣበት ጊዜም በከፍተኛ ተራራ ላይ ከሚታወቁ የሰው መኖሪያዎች ሁሉ ቀዳሚው ነበር። ሰዎቹ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይመገቡ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆን ኦብሲዲያን ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር። በዘመኑ የአምባው ከፍተኛ ክፍል በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር።

የስፍራው ምርጫ ልብ ይሏል። ሥራው ከላይ ነው፤ አዳሩ ዝቅ ብሎ ነው። ወለሉ ደረቅ ነው፤ ጣሪያው ድንጋይ ነው፤ ፊቱ ክፍት ስለሆነ የእሳቱ ጭስ መውጫ አለው። እኛ በመለኪያና በቀመር የደረስንበትን ነገር እነሱ በኑሮ አውቀውታል። ዛሬም ከብቶቻቸውን በ“ጎዳንቱ” ሥርዓት እንደየወቅቱ በደጋው፣ በደኑና በቆላው መካከል የሚያዘዋውሩ አርብቶ አደሮች መሬቱ መቼ እንደሚሸከምና መቼ እንደማይሸከም ያውቃሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ወደ ሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ወደ ባሌ ተራሮች የሚደረግ የመስክ ጉዞ በአዲስ አበባ ሰማይ መታቀድ የለበትም፤ የሚቻል ከሆነ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር ማጓተት፣ ካልተቻለም ከመነሣት በፊት ዲንሾ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና በሪራ በኩል ያሉ ነዋሪዎችን ስለ መንገዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የጉዞው በጀት ለመጠባበቂያ ሁለት ቀን ሊይዝ ይገባል። ጊዜ ያጠረው ቡድን ነውና ከመንገድ የሚወጣው፤ ጊዜ ያለው ቡድን ጭቃው እስኪጠነክር ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ ፍም ከድንኳን ውጭ ይቀራል፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የመስክ ሥራ ዘዴ በትምህርት ክፍሎቻችን ሲሰጥ ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ መረጃ ትንተና በሰፊው እንማራለን። ናሙናው የሚወሰድበትን ተራራ እንዴት ሳንጎዳው ወጥተን እንዴት በሕይወት እንደምንመለስ ግን የምንማረው በአብዛኛው ከሾፌርና ከመንገድ መሪ ነው። ይህ ዕውቀት በትምህርቱ ውስጥ ስፍራ ቢያገኝ፣ ተመራማሪውም ተራራውም ይጠቀማሉ።